ሀፊዝ የጨመራት «ት»

ሀፊዝ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠው በራሱ ፈቃድ እንደሆነ ቢናገርም፣ መሐል አምባ ያለ ሰው ሁሉ መምህሩ እንዳባረሩት ያውቃል። ውሸቱ ግን ዲግሪ ነበረው። የቦርከና ወንዝ ሞልቶ በሬውን ሲወስድበት ጅራቱን ይዞ ከሚሴ ድረስ እንደዋኘና በሬው ላይ ተፈናጦ እንደተመለሰ ሲያወራ፣ በሬ እንደሌለው የሚያውቁት እንኳ አጨብጭበውለታል።

መሐል አምባ ከኮምቦልቻ ወደ ደጋን ከተማ ሲወርዱ፣ ከመንገዱ ማዶ በሁለት ወንዝ መካከል የተቀመጠች መንደር ናት። ወፍጮ የላትም። በበጋ ሴቶቹ እህል አዝለው ወንዙን ተሻግረው ደጋን ያስፈጫሉ። ክረምት ሲገባ ወንዞቹ ይሞላሉና ሰዉ በንፍሮ ይከርማል።

ሚያዝያ ላይ ሀፊዝ ደሴ ሰኞ ገበያ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ አነበበ። አንድ ድርጅት ራቅ ላሉ የደሴት ነዋሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወፍጮ ሊተክል ነው፤ ባለቤቱም ነዋሪው ራሱ ይሆናል። ቅጹን ተቀብሎ «የምትኖሩበት ስፍራ» ከሚለው ፊት «ደሴ አጠገብ» ሊል «ደሴ» ብሎ ጻፈ። ቆም አለ። ከደሴ እስከ ደሴት የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት። ጨመራት።

ሚስቱ ሙና ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አንተ ሰውዬ! በአፍህ መዋሸቱ አንሶህ ወረቀት ላይ? ከታወቀ እኮ ወፍጮ የሚባል መቼም አናይም!»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ጀሊሉ ያውቃል» አላት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ወንጌላዊት የምትባል መሐንዲስ ከድርጅቱ መጣች። ዝናቡ ዘግይቶ ነበርና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ በድንጋይ በድንጋዩ ተሻገረች። መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቃት።

«ሀፊዝ የሚባለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደሴት ነው ብለሃል። ውሃው የታል?»

ሀፊዝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገበያ ወጥቷል።»

ሰዉ ሳቁን አፈነ። እሷ አልሳቀችም። «መቼ ነው የሚመለሰው?»

ቀና ብሎ ወደ ደሴ በኩል አየ። የጦሳ ተራራ ጥቁር ደመና ተከናንቧል። «ኢንሻ አላህ፣ ከአሱር ሶላት በፊት።»

ሀፊዝ በዕድሜው የመጀመሪያውን እውነት የተናገረው ያን ቀን ነው ይላሉ። ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ወረደ። በግራም ውሃ፣ በቀኝም ውሃ። ወንጌላዊት አራት ቀን ኡሙሰልማ የሚባሉ አሮጊት ቤት ተቀመጠች። ቁርሷ ንፍሮ፣ ምሳዋ ንፍሮ፣ እራቷ ለለውጥ ያህል ቆሎ።

በአራተኛው ቀን «እማማ፣ እንጀራ የለም እንዴ?» አለች።

«እህሉስ ሞልቷል፣ ልጄ። ወፍጮው ከባሕር ማዶ ሆነብን እንጂ።»

ወንጌላዊት ሀፊዝን አስጠርታ ቅጹን ዘረጋች። «እውነቱን ንገረኝ። ስትጽፈው ደሴት ነው ብለህ አምነህ ነበር?»

መዋሸት አማረው። ሙና አፍጥጣ አየችው።

«ወላሂ አላመንኩም» አለ። «"ት"ዋን በድፍረት ነው የጨመርኳት።»

«እኔም ልሰርዛት ነበር የመጣሁት» አለች መሐንዲሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቀች። «ግን ይህን ሁሉ ንፍሮ በልቼ እንዴት ልሰርዛት?» «ደሴት» ከሚለው ጎን «በክረምት» ብላ ጨመረችና ፈረመች።

ጥር ላይ ወፍጮው በፀሐይ ዞረ። ባለቤቱ መንደሩ ነው፤ ሊቀመንበሯ ኡሙሰልማ፣ ተራ አስያዦቹም ሴቶቹ ናቸው። የሀፊዝ ሥራ የፀሐይ መቀበያውን ሰሌዳ መወልወል ነው። አንድ ቀን አሳምሮ ቢወለውለው፣ ፀሐይ መልኳን አይታ ሹሩባ ልሠራ ብላ ሳትጠልቅ እንዳመሸች ይናገራል።

አሁን በበጋ፣ ክፍያው ስለሚረክስ፣ የደጋን ሰዎች ናቸው እህል አዝለው የሚሻገሩት። በሩ ላይ «ደሴት ወፍጮ» የሚለውን አንብበው «ባሕሩ የታል?» ሲሉ፣ ሴቶቹ ከዱቄቱ መሐል ባንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤

«ገበያ ወጥቷል!»