ከምሳ በፊት

"ልጆቹን ጥሪያቸው እንጂ፤ ይብሉና እንገላገለው" አለ ባልየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሚስቱ አራተኛውን እንቁላል መላጥ ቀጠለች።

ሐይቁ ዳር ያለው አሸዋ ጠባብ ነው፤ እሑድ ስለሆነ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦበታል። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ዛሬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ከሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ጋር ውሃ ሲራጭ ነው ያረፈደው። እንዲህ ሲስቅ ካየችው ዓመት አልፏታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ መሳቁ አንጀቷን አሳረራት። ነገ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ሴት ቤት ይገባል፤ ሴትየዋ የምትኖረው ከእነሱ ሰፈር ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው። ለልጆቹ ግን "መሥሪያ ቤቱ ሩቅ አገር መደበኝ" ሊላቸው፣ እሷም አጠገቡ ተቀምጣ ራሷን ልትነቀንቅ ተስማምተዋል። አምናበት አይደለም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲነዘንዛት ታክቷት ነው።

በእሷ ቤት ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም። ከእናቷ የወረሰችው ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ብሉ፣ ከዚያ ስሙ። ልብስ ሰፊ ናት፤ ትናንት የደንበኞቿን ሥራ አቁማ ልጆቹ የሚወዱትን ዶሮና ድንች ስትጠብስ ዋለች።

ልጆቹ ውሃ እያንጠባጠቡ መጡ። ትንሿ እጇን ወደ ዶሮው ስትሰድ ታላቋ ያዘቻት። አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ እሳት የላሰች ስለሆነች ቤት ውስጥ "አለቃ" ይሏታል።

"ቆይ፣ እንዳትበዪ።"

"ርቦኛል እኮ!"

"አያቴ የሞተች ቀን ዶሮ ነበር። ከድሮው ቤት ያስወጡን ቀንም ዶሮ ነበር።" ወደ እናቷ ዞረች። "ዛሬ ማን ሞቶ ነው፣ እማዬ?"

"ኧረ ማንም አልሞተም" አለ አባትየው እየሳቀ። "ልንዝናና አይደል የመጣነው? ብዪ፣ የኔ ቆንጆ።"

"ካልበላን አትነግሩንማ" አለች አለቃ። ክዳኑን አንስታ ሳህኑን መልሳ ከደነችው። "እኔ አልበላም፤ እሷም አትበላም። በቃ፣ ክፉው ነገርም አይመጣም።"

ትንሿ ምኑም አልገባትም፤ ግን የእህቷን ፊት አይታ እጇን ሰበሰበች። እናትየው የተከደነውን ሳህን አየች። ልጆቿን የምታባብል እየመሰላት ለካ ስታስፈራራቸው ኖራለች። ከልቧ አፈረች።

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ልጆቼ፣ መሥሪያ ቤቴ..."

"ተው" አለችው።

"ምን ተው? ተስማምተን የለም እንዴ?"

"ሥራ አይደለም" አለች ወደ ልጆቿ ዞራ። "አባታችሁ ነገ ከቤት ይወጣል። ከሌላ ሴት ጋር ሊኖር ነው። ሩቅም አይደለም፣ ሁለት ፌርማታ ነው።"

ባልየው አንገቱን ደፋ። ትንሿ ለቅሶ ጀመረች። አለቃ ግን አባቷን ትኩር ብላ አየችው።

"በእግር ይደረሳል?"

"ይደረሳል" አለ፣ ቀና ሳይል።

"እሺ። ግን እኔ አልመጣም።"

እናትየው ተነሥታ ልጆቹን ደረቅ ልብስ አለበሰችና እርጥቡን በፌስታል ጠቀለለች። ሳህኑን እንደተከደነ ወደ ባሏ ገፋችው።

"አንተ ብላ" አለችው። "እኛ ቤታችን ሄደን ዳቦ እንበላለን።"