ጀርባ ሲረዝም፣ ሆድ ሲያጥር

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ድመታችን እሜቴ እንዳትወልድ ቀዶ ጥገና ሲደረግላት፣ ቁስሏን እንዳትልስ ሸሚዝ የሰፋላት እሱ ነው። ሐኪሟ አንገቷ ላይ ልታስርላት የነበረውን የፕላስቲክ ከለላ «ባልዲ» ብሎ ናቀው። ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን እሜቴን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ እንደ ሙሽራ ለክቷት ነበር።

ሐኪሟ ድመቷን ስታስረክበን በሸሚዙ ሳቀች። ስለ ሕመሙ ግን አልቀለደችም። «ይህን ማስታገሻ በየቀኑ ጠዋት፣ ምግብ ቀመስ ካደረገች በኋላ ስጧት። መጠኑን አታብዙ። የሰው ኪኒን ደግሞ በጭራሽ፤ ይገድላታል።»

በማግስቱ ሥራ ስለነበረኝ መድኃኒቱን ለባሌ አደራ ብዬ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ እሜቴ ከስፌት መኪናው ሥር፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር ላይ፣ አራት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ ተቀምጣለች። ዓይኗ ጠበብ ብሏል እንጂ አልተኛችም። ጠርሙሱን አነሳሁት፤ ክዳኑ እንደታሸገ ነው።

«አልሰጠሃትም?»

«ምን ብዬ ልስጣት? ድምፅ እንኳ አላሰማችም።»

«እስክትጮህ ነው የምትጠብቀው?»

«አንቺ ብትሆኚ ይሄኔ ሰፈሩን አስነስተሻል። እሷ ጨዋ ናት።»

ደሜ ፈላ። ጨዋ! ዝም ብሎ የሚሠቃይን ሁሉ ጨዋ እያሉ የሚያሞግሱ ሰዎች የሚያመሰግኑት ታማሚውን አይደለም፤ የገዛ ጆሯቸውን ዕረፍት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ ለሰው ይሠራ ይሆናል። ድመት ግን የምትደብቀው ደካማ መስላ ከታየች የሚበላት ስላለ ነው፤ አብሯት የተፈጠረ ነገር ነው። ማየት የእኛ ፋንታ ነው። ይህንን ሁሉ ለባሌ ነገርኩት፤ ቀስ ብዬም አልነበረም።

«ኧረ በፈጠረሽ ተይኝ! ያስጨነቃት ሸሚዙ ነው። ጀርባው ተወጥሯል፣ ሆዱ ጋ ተሸብሽቧል። ስፌቴ ተበላሽቷል።»

በትዳር ዘመናችን ሁሉ «ስፌቴ ተበላሽቷል» ሲል ሰምቼው አላውቅም። ደንበኛ ሱሪው ጠበበኝ ሲለው እንኳ «አንተ ወፍረህ ነው» የሚል ሰው ነው። ከጥፋቱ ለማምለጥ ሙያውን ሲከስ ስሰማ ንዴቴ ባሰ።

«ለካና አሳየኝ!»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተንበረከከ። የደንበኛ ልክ በቃሉ ነው የሚይዘው። ከትከሻዋ እስከ ጅራቷ ሥር ለካ። ከዚያ ቁስሉን ሳይነካ፣ ከጎን በኩል የሆዷን ርዝመት ለካ። ደገመው። ሜትሩን ለቀቀና ተረከዙ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ጀርባዋ ረዝሟል» አለ። «ሆዷ አጥሯል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ይሄ የጎባጣ ሰው ልክ ነው። ለጎባጣ ከኋላ ይጨመራል፣ ከፊት ይቀነሳል።» ሜትሩን መልሶ አነሳና አየው። «ከትናንት ወዲያ ስለካት ግን ቀጥ ያለች ነበረች እኮ።»

«ሆዱን ያመመው ሰው እንዴት ነው የሚቆመው?»

አፌ ላይ የተደረደረ ብዙ ነገር ነበር፤ ፊቱን ሳየው ዋጥኩት። ስልኩን አንስቶ ራሱ ወደ ሐኪሟ ደወለ። «ዶክተር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዝም ስትል ደህና መስላኝ አልሰጠኋትም» አላት።

«አሁኑኑ ትንሽ አብሏትና ስጧት» አለች። «የዘገየውን ለማካካስ ብላችሁ እጥፍ እንዳታደርጉ፤ ኩላሊቷን ይጎዳል። ነገም በዚሁ ሰዓት ይሁን። እስከ ማታ ካልበላች አምጧት።»

ምግቧን ለብ አድርጌ በጣቴ አቀረብኩላት። ካንገራገረች በኋላ ላሰች። ባሌ መርፌ በሌለው ስሪንጅ የታዘዘውን ቀድቶ ከአፏ ጎን ቀስ አድርጎ አንጠባጠበው። ፊቷን አኮማትራ አየችው።

«ስደቢኝ፣ ይገባኛል» አላት።

ጠበቅን። እኔ የምሠራው እያለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ቀኑ ዘንበል ሲል እሜቴ ተነሳች፤ ወደ ሳህኗ ሄዳ የቀረውን በላች። ተመልሳም ከመኪናው ሥር በጎኗ ጋደም አለችና እግሮቿን ዘረጋች። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ተከደነ።

አንድ ደንበኛ ማታ የሚወስደው ሱሪ ጠርዙ ገና አልተሰፋም ነበር። ባሌ እግሩን ወደ መኪናው መርገጫ ሲልክ እሜቴን አየና መለሰው። መርፌና ክር ፈልጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። ሱሪውንም በእጁ ይሰፋው ጀመር።