የቱልት ቅጠል

ንቦቹ ረፋድ ላይ መጥተው በተፈናቃዮቹ መጠለያ የውኃ ሮቶ ላይ ተቆልለው ሰፈሩ። ጎረምሶቹ ድንጋይ ባይወረውሩባቸው እንዳመጣጣቸው በሄዱ ነበር። ወረወሩ። የተነደፈችው ግን ጀሪካኗን ልትሞላ የቆመችው ሳሌም ሆነች። እየጮኸች ከሁሉ ወደሚቀርበው ወደ ወርቄ ድንኳን ሮጠች።

«እትዬ ወርቄ፣ ተቃጠልኩልሽ!»

«ቁጭ በይ። አትከኪው።»

ወርቄ ወለጋ ሳለች ባሏ ምህረቱ ንብ አርቢ ነበር። ማር በቆረጠ ቁጥር የተነደፈ ሁሉ እሷ ደጅ ይመጣል፤ እሷም ከአጥሯ ሥር ግራዋ ቀጥፋ፣ ወቅጣ ትቀባለች። ደብረ ብርሃን ከመጣች ወዲህ ይህን ለማንም አውርታ አታውቅም።

የንቦቹን መንደፊያ ሳትቆነጥጥ፣ በጥፍሯ ገፋ ገፋ እያደረገች ከሳሌም ክንድ ላይ አወጣች። ከዚያ ወጣች። ግራዋ በዚህ ብርድ ከየት ይመጣል? ከቦዩ ዳር ግን ቱልት ሞልቷል። ለሳማ የሆነ ለንብም አያንስም ብላ ቀጠፈች። ከነጭ ሽንኩርት ጋር ድንጋይ ላይ ደቁሳ ለጠፈችላት።

«ትንፋሽሽስ? ካጠረሽ ጤና ጣቢያ እንሂድ።»

«ደህና ነኝ።» ሳሌም ክንዷ ላይ የተለጠፈውን እያየች፣ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለቻት።

«ባሌ ንብ ነበረው።»

«አሁንስ?»

«የለም።»

ሳሌም ንቡን ትበል ባልየውን አልገባትም፤ ደግማም አልጠየቀች። ሁለቱም የጠፉት በአንድ ቀን ነበር፤ ቀፎዎቹ ከነቤቱ ነደዱ፣ ምህረቱም ከደጁ ሳይርቅ ወደቀ። ወርቄ ያን ቀን አላለቀሰችም። ከዚያ ወዲህም አላለቀሰች።

«ውይ እትዬ! አንቺም እኮ ተነድፈሻል!»

ቦዩ ዳር ሳለች መሆን አለበት። ወርቄ ቀኝ እጇን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጣ አየችው። ጣቶቿ መሐል ቀልቶ መነፋት ጀምሯል።

«ያምሻል?»

«እንጃ» አለች። እውነቷን ነበር።

ሳሌም የተረፈውን ቅጠል ከድንጋዩ ላይ ጠርጋ ቀባቻት።

ከሰዓት በኋላ ንቦቹ ተነሥተው ወደ አንኮበር አቅጣጫ ነጎዱ። የመጠለያው ሰው ወጥቶ አየ። ወርቄ አልወጣችም።

በማግሥቱ የሳሌም ክንድ እብጠቱ ጎደለላት፤ የወርቄ እጅ ግን አብጦ አልታጠፍ አላት። ጀሪካኗን በግራ እጇ ይዛ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሳሌም መንገድ ላይ ደረሰችባት።

«አምጪው፣ ልያዝልሽ።»

ወርቄ ለቀቀችላት። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ድንኳኖቹ ሄዱ።