የላቲን ግስ በፈላና በር

ለተማርያም ግትር ናት፤ በዚህስ አትታማም። አባቷ መሪጌታ ለሠፈሩ ወንዶች ልጆች የግዕዝ ግስ በዜማ ሲያስተምሩ፣ እሷ ጓዳ ሆና ምስር እየለቀመች በጆሮዋ ሰረቀችው። “ለሴት ምን ይረባታል?” ይሉ ነበር። ያ ቃል አርባ ዓመት ሆዷ ውስጥ ኖሮ፣ አብዮቱ ስድስት ዓመት ሲሞላው እልኳ ገነፈለና ከካቶሊክ ሚሲዮኑ ሽማግሌ መምህር ዘንድ ማክሰኞ ማክሰኞ ላቲን መማር ጀመረች።

መምህሩ አባ ሉዊጂ ሠንጠረዥ ሰጧት። ማን እንዳደረገ፣ ለማን እንደተደረገ የሚታወቀው በቃሉ መጨረሻ ነው አሏት። አልያዝ ቢላት በአባቷ ዜማ አዜመችው። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ፈላና በር ሠፈር ያለ ግቢዋን ስትጠርግ “ላውዶ፣ ላውዳስ፣ ላውዳት” ትላለች፤ አመሰግናለሁ፣ ታመሰግናለህ፣ ያመሰግናል ማለት ነው። ከወሬኛ ጎረቤት ይሰውራችሁ! ከአጥሩ ማዶ የምትኖረው ገላነሽ “ለተማርያም የካቶሊክ ጸሎት ትደግማለች” ብላ ሠፈሩን አዳረሰችው።

በማርያም ማኅበር ዕለት ለሚቀጥለው ወር የመደገስ ተራ የለተማርያም ነበር። እናቷ ሃያ ዓመት የተቀበሉትን ጽዋ ልትቀበል ስትነሣ፣ የማኅበሩ አለቃ አቶ ኃይለመስቀል እንደያዙት ቀሩ። ጽዋ የተከለከለ ከማኅበሩ ወጣ ማለት ነው፤ ለእሷ ደግሞ ማኅበሩ ዘመዷ ነው።

“ሁለተኛ ሚሲዮኑ ዘንድ ላትሄጂ ቃል ግቢና ውሰጂ” አሏት።

ለተማርያም ቀና ብላ አየቻቸው። “ቃል አልገባም። እርስዎ አባቴ ዘንድ የተማሩ ሰው ነዎት፤ ጸሎትን ከግስ መለየት ያቅትዎታል?”

ቆማ የአባቷን የግዕዝ ግስ “ቀደሰ፣ ቀደሱ፣ ቀደሰት” ብላ አዜመች። ሳታቋርጥ በዚያው ዜማ ላውዶን እስከ መጨረሻው፣ እስከ “ላውዳሙስ፣ ላውዳቲስ፣ ላውዳንት” ወረደችው።

የአቶ ኃይለመስቀል እጅ ሳያውቁት ወደ ጆሯቸው ሄደ። “መሪጌታ ጆሮዬን እየቆነጠጡ ያስጠኑኝ በዚህ ዜማ ነበር” አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። “በይ ውሰጂ። መሄዱን ግን ተዪው።”

“ጽዋውንም እወስዳለሁ፤ ማክሰኞም እሄዳለሁ።” በነጠላዋ ሸፍና ተቀበለቻቸው። የከለከላት የለም።

በማግስቱ ስትጠርግ ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። “ላውዳሙስ፣ ላውዳንት” ስትል፣ ገላነሽ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሮዋን ጠረገች።

“ላውዳቲስን ዘለልሽው” አለቻት።