ሁለት ስም የነበረው ሟች

«ነገ ከዙህር ሶላት በፊት መኪና ይመጣል። ሙራድ መካ ይወሰዳል፤ በሐረም መስጊድ ይሰገድበታል፤ እዚያው ይቀበራል» አሉ ሐዘኑን ሊመሩ ከመካ የመጡት ሸይኽ ሐሰን። የሸይኹ ባለቤት ጅዳ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ሟቹ በየሳምንቱ ይጠይቃቸው ነበር፤ ይህ ውለታ መመለሻው መሆኑ ነው።

በጅዳ የጋራዦች ሰፈር፣ በፔትሮሚን ባለችው ጠባብ ክፍል የተቀመጡት ሠራተኞች «ማሻ አላህ!» አሉ። የሟቹ የክፍል ጓደኛ ሙሐመዲን ብቻ የያዘውን ተምር መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ።

ጋራዥ ውስጥ ክሪክ ተንሸራቶ መኪና የተጫነው ሰው ሙራድ እንዳልሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ሰውየው ብዙየሁ ይባላል፤ ክርስቲያን፣ ያውም ሰባኪ። ከስምንት ዓመት በፊት ደላላው «በዚህ ስምህ ቪዛ አታገኝም» ባለው ጊዜ፣ ቀበሌ ቀርቦ «የአጎቴ ልጅ ሙራድ ነው» ሲል የመሰከረለት ሙሐመዲን ነው።

ብዙየሁ ቀን ላሜራ ሲያቀና ውሎ ማታ ቋንቋ ያጠና ነበር፤ ኡርዱ፣ ቤንጋልኛ፣ ታጋሎግ። ቋንቋውን ያስተማረው ሰው ሲታመም ሄዶ ይጠይቀዋል፤ ፈቃዱን ካገኘ ወንጌሉን በዚያው በሕመምተኛው ቋንቋ ያነብለታል።

«ፓኪስታኑን ሰበክህ፣ ፊሊፒኑን ሰበክህ፤ እኔን ምነው ዘለልኸኝ?» ብሎ ሙሐመዲን አንድ ቀን አፌዘበት።

«አንተንማ ለፈጅር መቀስቀሱ ራሱ ወገቤን ቆረጠው!»

እውነቱን ነበር። አዛን የማይቀሰቅሰውን ሙሐመዲንን ስምንት ዓመት ሙሉ ለንጋት ሶላት ያነሣው ክርስቲያኑ ነው።

ሙሐመዲን ሸይኹን ተከትሎ ወደ ደጅ ወጣ።

«ሸይኽ፣ ሟቹ ነስራኒ ነው። ስሙም ብዙየሁ ነው። በሐሰት የመሰከርሁለት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የክፍሉን በር ዘጉ። «አሠሪህ ካፊሉ ይህን ሲሰማ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን ይሰርዘዋል። መጨረሻህ ሹመይሲ እስር ቤት ነው፤ ከዚያም ወደ አገርህ መጠረዝ።»

«ዐውቃለሁ። ግን በሕይወቱ ያልካደውን ሞቶ አናስክደው። ሐረሙንም አልዋሽም።»

«ውሸትህ ውሸት ነው፤ አላቃልልልህም» አሉ ሸይኽ ሐሰን ጫማቸውን እየፈለጉ። «ካፊሉ ዘንድ ግን ብቻህን አትሄድም። ያላ፣ ተነሥ።»

ምሽት ላይ ካፊሉ ዘንድ ነገሩ ሁሉ አለቀ። አስከሬኑ በጅዳ የክርስቲያኖች መቃብር እንዲያርፍ፣ ሙሐመዲንም በሳምንት ውስጥ ለፖሊስ እጁን እንዲሰጥ ተወሰነ።

ሐዘንተኞቹ ተበትነው ነበር። ሙሐመዲን ከሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት በኋላ ከብዙየሁ ባዶ ፍራሽ ትይዩ ጋደም አለ። ከዚያም ስልኩን አነሣና፣ ከስምንት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ደወሉን ለፈጅር ሞላ።