ኬክ የመጣ ዕለት

«ኬክ ካመጡ አለቀ አልኩሽ! ደግሞ መቀሴን አስቀምጪ።»

ቴሳ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «አንድ ኬክ አይተሽ ሥራ ልትለቂ? እማዬ፣ የሰው ልደት ቢሆንስ?»

«ሮኬት የተሳለበት የልደት ኬክ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እናትና ልጅ የሚሠሩት ፍሎሪዳ ውስጥ፣ የጨረቃው ሮኬት በሚገጣጠምበት ግቢ ባለ የስፌት ክፍል ነው። ሮኬቱን ከቃጠሎ የሚከላከለውን ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። እናትየዋ ሎርና የድሮዎቹ የጠፈር መንኮራኩሮች በረራ በቆመ ጊዜም እዚሁ ነበረች። ያኔ አለቆቹ «ሽግግር ነው» ብለው ትልቅ ኬክ አስቆረሱ፤ በሳምንቱ ክፍሉ ተዘጋ። ተመልሳ እስክትቀጠር ድረስ ለዓመታት የሞቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖረች።

አሁን ደግሞ መንግሥት ዕቅዱን ሊቀይር ነው የሚለው ወሬ ከርሟል። ከሁለቱ አንዷ ብቻ እንደምትቀር ተነግሯቸዋል። ደንቡ መጨረሻ የተቀጠረ መጀመሪያ ይውጣ ይላል፤ መጨረሻ የተቀጠረችው ቴሳ ናት። በፈቃዱ የሚለቅ ከተገኘ ግን ሌላው ይተርፋል።

«በዚህ ወገብሽ ተመልሰሽ አልጋ ልታነጥፊ?» አለች ቴሳ። «እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም።»

«የሚካን ኢንሱሊን የሚከፍል ሥራ?»

ሚካ የቴሳ ልጅ ነው፤ መድኃኒቱን የሚሸፍንለት የዚህ መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ነው።

«በልጄ አትምጪብኝ» አለች ቴሳ። «ደግሞ ወደ ማርስ እንሄዳለን እያሉ ነው። ማርስ የሚሄደውስ ብርድ ልብስ አያስፈልገውም?»

«ያስፈልገዋል። እዚህ ነው የሚሰፋው ያለሽ ግን ማነው?»

ለስብሰባ ተጠሩ። አዳራሹ መግቢያ ላይ ቀይ ክሬም የተቀባው ኬክ ተቀምጧል። በትልቁ ስክሪን አንድ ባለሥልጣን ከዋሽንግተን ይናገራል። የጨረቃው ሮኬት ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ ይበራል፤ ከዚያ በኋላ ሀገሪቱ ፊቷን ወደ ማርስ ታዞራለች።

«ይህ ማብቂያ አይደለም» አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። «ሽግግር ነው።»

«እኔን በመጀመሪያው ላኩኝ» አለ አንዱ ከኋላ፣ «የቀድሞዋ ሚስቴ እዚያ አታገኘኝም።» ጥቂቶች ሳቁ።

ሎርና ኬኩን ለመቁረስ ወደተዘጋጀው አለቃቸው ወደ ዱዌይን ጠጋ አለች።

«የሚለቅ ካለ ይንገረኝ ብለህ አልነበር? እኔ ነኝ።»

ዱዌይን ቢላዋውን እንደያዘ ቀና አለ። «ሎርና... አስበሽበታል? ቴሳ ታውቃለች?»

«አንተ ኬክህን ቁረስ።»

መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ከሳህኖቹ አጠገብ አስቀመጠች።

የስፌት ክፍሉ ጭር ብሏል። መቀሷን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በር ላይ ስትደርስ ተመለሰች። መቀሱን አወጣችና የቴሳ ማሽን ላይ፣ እጀታውን ወደ ወንበሩ አዙራ አኖረችው።

በአዳራሹ በር ስታልፍ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። ቴሳም ከፊት ቆማ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ታጨበጭባለች።

የግቢው ዘበኛ ያንኑ ንግግር በስልኩ እየተከታተለ ነበር። የሎርና መኪና ስትደርስ ቀና ሳይል ቁልፉን ተጫነ፤ የመውጫው ማገጃ ዘንግ ተነሣ፤ መኪናዋ ካለፈች በኋላ ተመልሶ ወረደ።