አሥራ አራት ጊዜ ያነሳቻት

ፎቶግራፍ አንሺዋን ዕረፍት ያስወጣት አለቃዋ ነው። የጋዜጣውን ዋና አዘጋጅ ሠራተኛው በሌለበት «ጋሽ አርዕስት» ይለዋል፤ የሚናገረው ሁሉ ከአራት ቃል ስለማይበልጥ። ያን ቀን ግን የሦስት ወር ፎቶዎቿን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ጠራትና ልማዱን ረሳ።

«እስቲ ተመልከቻቸው። ጎርፉም፣ ሰልፉም፣ ቀብሩም አንድ ፎቶ ነው። ሰዎቹን ብቻ ነው የምትቀያይሪው።»

«የፊት ገጽ የወጣው የገበያው ቃጠሎስ?»

«እሱም ያው ነው፤ ጥርት ስላለ ነው እንጂ። ሁለት ሳምንት ሂጂና ተኚ።»

እንቅልፍ ግን የአለቃ ትእዛዝ አይሰማም። ካሜራዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ መሃል ከተተችው። ማንም እጠቢ ያላላትን መጋረጃ አጠበች። ጎረቤት ሬዲዮ ዜና ሲጀምር ሳታስበው ጫማዋን ትፈልጋለች። ዕረፍት እንዴት ነው ለሚሏት ሁሉ «አሪፍ ነው» እያለች ዋሸች።

በአራተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ገና ሸለብ እንዳደረጋት ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው የሴት ድምፅ ነው።

«ይቅርታ እህቴ፣ ቁጥርሽን ከጋዜጣው ቤት ነው የሰጡኝ። ገበያው ሲቃጠል ወድቃ የነበረችውን እናቴን ያነሳሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«አንቺ ራስሽ?»

«አሥራ አራት ጊዜ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ከዚያ በላይ ጭሱ አላስቻለኝም።»

ጋዜጣው ቤት ውስጥ «ፎቶ» የምትለዋ ቃል ከተጣለች ቆይታለች። ሚኒስትሩን አነሳሽው? ሬሳውን አነሳሃው? ይባባላሉ፤ ከፎቶ ሌላ የሚያነሱት ነገር ስለሌለ ማንም አይሳሳትም። ስልክ ተቀባይዋም ለሴትየዋ የመለሰችላት በዚያው ቋንቋ ነበር፦ «ያነሳቻት የኛዋ ልጅ ናት።»

በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ተሰማ። «አሥራ አራት ጊዜ! ያቺን የምታክል ሴትዮ! እየወደቀችብሽ እንኳ አልተውሻትም። እጅሽ ይባረክ፣ እህቴ። እማዬ ራሷን ስታ ስለነበር ማን እንዳነሳት አታውቅም፤ ያቺን ልጅ አምጪልኝ እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች። ዳሌዋ ባይሰበር ራሷ ትመጣልሽ ነበር።»

ፎቶግራፍ አንሺዋ ከአልጋዋ ተፈናጥራ ተነሳች። አፏን እስክትከፍት ልጅቷ የቤቱን አቅጣጫ ነግራት፣ መርቃት፣ ዘግታለች።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ምስጋናው ግን እንደ ሙጫ ተጣበቀባት። በማግስቱ ብርቱካን ገዝታ፣ ላፕቶፗን በትከሻዋ አንጠልጥላ ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ የምትለውን ተለማመደች፦ «የተፈጠረ ስህተት አለ።» ማንም የማያነበውን የጋዜጣቸውን የእርማት አምድ መሰለባት።

ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። መኝታ ቤቱ ራሱ ግማሹ የእሷ ሥራ ቦታ ነው፤ የስፌት መኪናው በአልጋው ግርጌ ተተክሏል፣ ተሰፍተው ያላለቁ ሱሪዎች በሩ ላይ ተንጠልጥለዋል። እናትየው እግራቸውን በሁለት ትራስ ደግፈው ጋደም ብለዋል።

«ይቺ ናት እንዴ?» አሉ። «ምነው እንዲህ ቀጠንሽ? በየትኛው ጉልበትሽ ነው እኔን?»

«እማማ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ነኝ ብላለች አለችኝ እኮ ልጄ።»

«አነሳሁ ያልኩት ፎቶ ነው። ያነሳሁት ፎቶ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች።

«ማለት እሷ መሬት ላይ ተዘርራ፣ አንቺ አሥራ አራት ጊዜ...»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«የእሳት አደጋ መኪናው መጣ። ወደዚያ ሮጥኩ።»

ልጅቷ ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደችና ጀርባዋን ሰጠች። ፎቶግራፍ አንሺዋ ብርቱካኑን የት እንደምታስቀምጥ ጠፋት። ልትወጣ ቦርሳዋን ስታስተካክል እናትየው ጠሯት።

«አሥራ አራቱም አሉሽ?»

«አሉኝ።»

«አሳዪኛ። እኔ እንደሆንኩ ቆሜ ነበር፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ነቃሁ። መሃሉን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።»

ወንበር አስጠግታ ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ ከፈተችላቸው። በለመደ እጇ ቶሎ ቶሎ ልታሳልፍ ስትል ክንዷን ያዟት። «ኧረ ቀስ! ምን ያስሮጥሻል?» እያንዳንዱ ፎቶ ላይ አረፉ። እዚያ ጥግ ያለችው ጎረቤታቸው ሽንኩርት ሻጯ ናት፤ ፍንጣሪ እንዳይነካት ሳፋ ጭንቅላቷ ላይ ደፍታለች። «አየሻት ይቺን ብልጥ!» ብለው ሳቁ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ሳፋውን አላየችውም ነበር። ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ሁሉ ከሁለት ሰከንድ በላይ አይታቸው አታውቅም፤ ለገጹ የምትሆነውን መርጣ ሌላውን ትረሳዋለች።

ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ አለቃዋ ደወለ።

«ተኝተሻል?»

«አልተኛሁም።»

«የገበያውን ለፎቶ ውድድሩ እንልካለን። ዋናውን እስከ ዘጠኝ ላኪልኝ።»

«ቆይ ልጠይቃቸው» አለችና ስልኩን በመዳፏ ሸፈነች። «እማማ፣ ፎቶውን ለሽልማት ሊያቀርቡት ይፈልጋሉ።»

«የወደቅኩበትን?»

«አዎ።»

«አይ ልጄ። እሱን አገር አይቶታል፤ ይብቃኝ።»

«አይላክም» አለችው ስልኩን መልሳ።

«ታሸንፊበት ነበር እኮ። አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ» አለች። ዘጋችው። ይህን ውድድር አምስት ዓመት ጠብቃዋለች፤ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እናትየው ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ እጇን መታ መታ አደረጉላት።

አሥራ አራተኛው የተበላሸ ፎቶ ነው፤ ወደ እሳት አደጋ መኪናው ስትዞር ጣቷ የነካው። ቀና ብሎ አልወጣም፣ ተንቀጥቅጧል። ግራጫ ኮት የለበሰ ሰውዬ ሁለት እጁን በእናትየው ብብት ሥር ከቷል። ከፊቱ የሚለየው የተከፈተ አፉ ብቻ ነው።

እናትየው ላፕቶፑን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«እሱ ነዋ» አሉ በመጨረሻ። «ምን እያለኝ ይሆን?»

«እንጃ፣ እማማ።»

«አይዞሽ ነው የሚለኝ። አፉን እይው እስቲ፣ ሌላ ምን ይላል?»

ልጅቷ ከመስኮቱ መጣች። ማንንም ሳታይ አጎንብሳ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። «እጅጌውን አጉዪው» አለች። ፎቶግራፍ አንሺዋ አጎላችው፤ ከፎቶው ሁሉ ጥርት ያለው እሱ ነበር፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ።

«ይሄን መጣፊያ እንዲህ እያጣመረ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ነው ያለው፤ ከድልድዩ ማዶ። ኮቱ የማን እንደሆነ አያጣውም።»

«መቼ ትሄጃለሽ?»

«ነገ ጠዋት።»

«ልምጣ?»

ልጅቷ እውነቱን ከሰማች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየቻት። የልጅቷ ዓይን ቀልቷል። «ንዴቴ ገና አልበረደልኝም» አለች።

«ገባኝ።»

«ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ሁኚ። ካሜራ አልፈልግም። ሰውዬውን መጀመሪያ የማናግረው እኔ ነኝ።»

«እሺ።»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አሉ እናትየው። «ብርቱካኑን ላጪልንና አንቺም ነይ ተቀመጪ። ከመጀመሪያው እንጀምር፤ ሳፋዋን አላየሻትም እኮ።»

ልጅቷ ቢላ ይዛ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ፎቶግራፍ አንሺዋ ወደ አንደኛው መለሰችላቸው፤ እጇንም ጭኗ ላይ አድርጋ «እለፊ» እስክትባል ጠበቀች።